መልስ፦ ከዲሲ እስከ ሳንፍራንሲስኮ በባቡር

ከዲሲ ሳንፍራንሲስኮ ድረስ በአንድ ባቡር ይኬዳል ወይ ብለሃል። አይኬድም። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ አንድ ባቡር የለም። ቺካጎ ላይ ትቀይራለህ።

እስከ ቺካጎ አንድ ሌሊት ነው። ከዚያ ካሊፎርኒያ ዜፈር የሚባለውን የአምትራክ (የአሜሪካ የመንገደኛ ባቡር ድርጅት) ባቡር ትይዛለህ። ወደ 3,900 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ50 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ኔብራስካን በሌሊት ስለሚያልፍ ተኛ። ጉዱ ያለው ከዴንቨር በኋላ ነው። ጠዋት ተነስቶ የሮኪ ተራሮችን ይወጣል፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የሞፋት ዋሻ ያልፋል፣ ከዚያ ከኮሎራዶ ወንዝ ጋር ጎን ለጎን ለሰዓታት ይጓዛል። ለዚህ ብለህ ዴንቨር ሳይደርስ መስታወታም የሆነው መመልከቻ ፉርጎ ውስጥ ቦታ ያዝ። ቀድሞ ለመጣ ነው።

መኝታ ክፍል ውድ ነው፤ ግን ምግቡ ከቲኬቱ ጋር ነው። በወንበር ከሄድክ ጋቢ አትርሳ፣ ኤሲው ቀልድ አያውቅም። ጾም ከሆነ ደግሞ ቆሎህን ቋጥር።

ሀዲዱ በአብዛኛው የጭነት ባቡር ኩባንያዎች ስለሆነ መዘግየት ያለ ነው። በምትደርስበት ቀን የአውሮፕላን ቲኬት እንዳትቆርጥ! ባቡሩ ደግሞ ከሳንፍራንሲስኮ ማዶ ባለችው ኤመሪቪል ከተማ ያበቃል፤ ከዚያ ወደ ሳንፍራንሲስኮ የሚወስደውን ድልድይ በአውቶብስ ትሻገራለህ።