«ዘጠኙ ያርድ» የምን ዘጠኝ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። አለቃዬ ሥራ ባዘዘኝ ቁጥር «ዘ ሆል ናይን ያርድስ» ይላል። ምን ማለቱ ነው? ከየት የመጣ አባባል ነው?

መልስ፦ «ከሀ እስከ ፐ፣ አንድም ሳታስቀር» ማለቱ ነው። አመጣጡ ግን እስካሁን ያከራክራል። በብዛት የሚወራው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብራሪዎች ታሪክ ነው፤ የመትረየሳቸው ዝናር ዘጠኝ ያርድ፣ ማለትም ስምንት ሜትር ከምናምን ስለነበር፣ ጥይቱን ጨርሶ የተመለሰ «ዘጠኙንም ሰጠሁት» ይል ነበር አሉ። የሕንድ ሴቶች የሚጠመጠሙት ጨርቅ፣ ሳሪ ነው የሚሉም አሉ፤ የኮንክሪት መኪና ነው የሚሉም አሉ። እኔን የሚያስቀኝ የአሜሪካ ፉትቦል ነው የሚለው ነው። እዚያ ቡድኑ ኳሱን ይዞ እንዲገፋ የሚጠየቀው 10 ያርድ ነው፤ ዘጠኝ ላይ የቆመማ ምኑን ጨረሰው?

የአብራሪዎቹን ታሪክ ዋጋ የሚያሳጣው ቀኑ ነው። «ሙሉ ዘጠኝ ያርድ» የሚለው አነጋገር እ.ኤ.አ. በ1907 ኢንዲያና ውስጥ ሚቸል በምትባል ከተማ ጋዜጣ ላይ ታትሟል። የራይት ወንድማማቾች በአውሮፕላን ከበረሩ ገና አራት ዓመት እንኳን አልሞላቸውም! ይባስ ብሎ በ1912 የኬንታኪ ጋዜጣ የሚለው «ሙሉ ስድስት ያርድ» ነው፤ በ1921ም የደቡብ ካሮላይና ጋዜጣ ርዕስ ላይ ያው ስድስት ነው። ስድስትም ዘጠኝም ከተባለ፣ ልኩ ዘጠኝ ያርድ የሆነ ዕቃ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የአባባሎችን አመጣጥ የሚያጠናው የዬል ዩኒቨርሲቲው ፍሬድ ሻፒሮም ቁጥሩ በጊዜ ብዛት አድጎ ነው ባይ ነው። ደስታን የሚገልጹበት «ዘጠነኛው ደመና»ም ድሮ ሰባተኛና ስምንተኛ ይባል ነበር።

ጥያቄ፦ «ኪክ ዘ ባኬት»ን ለቅሶ ቤት ብጠቀምበት ነውር አለው?

መልስ፦ እንዳያደርጉት! «ክልትው አለ» እንደማለት ነው። በ1785 በታተመው የፍራንሲስ ግሮስ የአራዳ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ውስጥ «መሞት» ተብሎ ተፈትቷል። ኪክ በእግር መምታት ነው፤ ባኬት ባልዲ ቢሆንም፣ በአንዳንድ የእንግሊዝ ገጠር የታረደ አሳማ የሚሰቀልበት አግዳሚ እንጨትም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር፤ እግሩ ሲንፈራገጥ እንጨቱን ይመታል። እኔ ከባልዲው ይልቅ ወደዚህኛው አደላለሁ።

ጥያቄ፦ «ኦኬ»ስ?

መልስ፦ ይሄኛው ተፈትቷል። በመጋቢት 1839 የቦስተን ጋዜጠኞች «ሁሉም ትክክል» (ኦል ኮሬክት) የሚለውን ሆን ብለው በተሳሳተ ፊደል ጽፈው ያሳጠሩት ቀልድ ነው። በዓመቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቫን ቢውረን ደጋፊዎች «ኦልድ ኪንደርሁክ» ለሚለው ቅጽል ስማቸው ምህጻር አድርገው አራገቡት።

ጥያቄ፦ እንግሊዞች «ቦብ አጎትህ ነው» የሚሉት ማንን ነው?

መልስ፦ «አለቀ፣ በቃ፣ ተሳካ» ለማለት ነው። በ1887 ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ሶልስበሪ የእህታቸውን ልጅ አርተር ባልፎርን የአየርላንድ ጉዳይ ሚኒስትር አድርገው ስለሾሙ ነው ይባላል፤ ቦብ የሮበርት ቁልምጫ ነውና። ሹመቱ እውነት ነው። አባባሉ በጽሑፍ የሚገኘው ግን ከ1920ዎቹ ወዲህ ነው፤ ሐሜት ሠላሳ ዓመት ሙሉ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል ብዬ አላምንም።