መልስ፦ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቲያትር ከየት ይጀመር?
ወዳጄ፣ «ስለ ብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቲያትር ሲወራ ሁሉም ከ‹ኦክላሆማ!› የሚነሳው ለምንድን ነው?» ብለሃል። ብሮድዌይ የኒው ዮርክ የቲያትር ሰፈር ነው፤ እኔ ከዚያ ሥራዎች በ«ሾው ቦት» ብትጀምር ይሻልሃል ባይ ነኝ።

ከዚያ በፊት በአብዛኞቹ ትርኢቶች ታሪኩ ሰበብ ብቻ ነበር። ዋናው ዘፈኑ፣ ጭፈራውና ቀልዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ግን የዜማ ደራሲው ጄሮም ከርንና የግጥምና የተውኔት ጸሐፊው ኦስካር ሃመርስታይን «ሾው ቦት»ን ይዘው መጡ። በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የምትመላለስ የቲያትር ጀልባ ናት መድረኩ። እዚያ ላይ የፈረሰ ትዳር አሳዩ። ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክለውን ሕግም መድረክ ላይ አሳዩት። በዚያ ዘመን ይህን ለመዝናናት ለመጣ ተመልካች ማሳየት ትልቅ ድፍረት ነው!

«ኦክላሆማ!» የመጣው በ1943 ነው። ያው ሃመርስታይን፣ አሁን ከዜማ ደራሲው ሪቻርድ ሮጀርስ ጋር። እዚህ ዳንሱም ታሪክ ይናገራል። አግነስ ደ ሚል ያዘጋጀችው የሕልም ባሌት የታሪኩን ዋና ልጅ ፍርሃት ያለ ንግግር ያሳያል። ሥራው በብሮድዌይ 2,212 ጊዜ ታየ። በ1957 «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ሲመጣ ደግሞ የወጣት ቡድኖች ጠብ ራሱ ዳንስ ሆነ።

መጀመሪያ ግን የ1936ቱን የ«ሾው ቦት» ፊልም ፈልግና ጥቁር አሜሪካዊው ዘፋኝ ፖል ሮብሰን ስለ ወንዙ ሲዘፍን ስማው።