ፍርድ ቤት ያዘዘውን የጠጥቶ ማሽከርከር ትምህርት በኦንላይን መውሰድ

ጥያቄ፦ የምኖረው በቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ ሲሆን የምተዳደረው በከባድ መኪና ሹፌርነት ነው። አንድ ምሽት ከሠርግ ስመለስ በግል መኪናዬ ላይ እያለሁ ፖሊስ አስቆመኝና ጠጥቶ በማሽከርከር ተከሰስኩ። ከሁለት ወር በፊት ጥፋተኛ ተብዬ ፕሮቤሽን፣ ማለትም ከእስር ይልቅ በፍርድ ቤት ክትትል ሥር መቆየት፣ ተወሰነብኝ፤ ዳኛውም የ12 ሰዓት ትምህርት እንድወስድ አዘዙ። የምውለው መንገድ ላይ በመሆኑ፣ እውነቱን ለመናገርም የማውቀው የአገሬ ሰው ክፍል ውስጥ እንዳያየኝ ስለምፈራ፣ በኦንላይን ብማር ይሻለኛል። ጓደኛዬ በሌላ ስቴት ያለ ርካሽ ትምህርት አግኝቶልኛል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ሴት ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ጥያቄዎቹን ብትመልስልኝ ችግር አለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በኦንላይን መማር መፈለግዎ ነውር የለውም። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ ይህ ትምህርት በአካልም ሆነ በኦንላይን እንዲሰጥ ፈቅዳለች። ነገር ግን ትምህርቱን የሚሰጠው ተቋም የቴክሳስ የፈቃድና የቁጥጥር መሥሪያ ቤት፣ በምሕጻረ ቃል ቲ.ዲ.ኤል.አር. የሚባለው፣ ፈቃድ የሰጠው መሆን አለበት። ጓደኛዎ ያገኙልዎት ትምህርት በዚያኛው ስቴት ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ስቴት የየራሱ ሥርዓት ስላለው ለዚያ የተሰጠ ሰርተፊኬት ለእርስዎ ፍርድ ቤት ላይሠራ ይችላል፤ ያን ጊዜ ገንዘቡም ጊዜውም ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ዶላር ከመክፈልዎ በፊት የተቋሙን ስም ለፕሮቤሽን ኦፊሰርዎ ይላኩና «ይህንን ትቀበሉታላችሁ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም ያስቀምጡ።

ጊዜውንም ልብ ይበሉ። ሕጉ ፕሮቤሽኑ ከተወሰነበት ቀን አንሥቶ እስከ 180ኛው ቀን ድረስ ትምህርቱ እንዲያልቅ ያዛል፤ ሁለቱ ወር አልፎ የቀረዎት አራት ወር ያህል ነው። በበቂ ምክንያት ዳኛው ሊያራዝሙልዎ ይችላሉ፤ ቢራዘምም ፕሮቤሽኑ ከጀመረበት ዕለት አንድ ዓመት ሊያልፍ አይችልም። ቀነ ገደቡ ካለፈ መንጃ ፈቃድዎ ይታገዳል።

ልጅዎ በእርስዎ ቦታ እንድትመልስ ግን በፍጹም አይፍቀዱ። ሰርተፊኬቱ የሚመሰክረው እርስዎ ራስዎ መማርዎን ነው። ሌላ ሰው የተማረበትን ወረቀት ለፍርድ ቤት ማቅረብ ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ ስለሆነ ለእርስዎ አዲስ ክስ፣ ለልጅዎም መዘዝ ይሆናል። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎ ከመመዝገብዎ በፊት ለተቋሙና ለፕሮቤሽን ኦፊሰርዎ ይንገሩና አስተርጓሚ ወይም ሌላ መፍትሔ ይጠይቁ፤ ቋንቋውን በሚገባ አለመቻል ሊደበቅ የሚገባው ጥፋት አይደለም።

ከጠየቁን ይልቅ እኛን ያስጨነቀን ያልጠየቁን ነገር ነው። «የምውለው መንገድ ላይ ነው» ብለዋል። የፌደራል ሕግ ሲ.ዲ.ኤል.፣ ማለትም የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ያለው ሹፌር ጠጥቶ በማሽከርከር ጥፋተኛ ሲባል፣ የተያዘው በግል መኪናው ላይ ቢሆንም እንኳ፣ ከባድ መኪና ከማሽከርከር ለአንድ ዓመት ይከለክለዋል። ጥፋቱ ከተደገመ እገዳው የዕድሜ ልክ ነው። የታዘዘልዎት ትምህርት ይህን እገዳ አያነሣውም። ብዙ ወንድሞቻችን ትምህርቱን ሲጨርሱ ሁሉም የሚያልቅ ይመስላቸዋል፤ የእገዳው ደብዳቤ ወደ ቀድሞ አድራሻቸው ሄዶ ሳያውቁት እያሽከረከሩ ይያዛሉ። እባክዎ ቁልፉን ከማንሣትዎ በፊት የሲ.ዲ.ኤልዎን ሁኔታ ከቴክሳስ የሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ፤ ከጠበቃም ጋር ይነጋገሩ።

የአገር ሰው ያየኛል የሚለው ፍርሃትዎ ይገባናል፤ በማኅበረሰባችን ወሬ ከሰው ይቀድማል። ሆኖም ኦንላይን የመረጡት ለመሸሸግ ብቻ ከሆነ ከትምህርቱ የሚያገኙት ጥቅም እንዳያመልጥዎ እንሰጋለን። ከሚማሩት አንዱ የመጠጥ ልክ ነው። በአሜሪካ አንድ መጠጥ የሚባለው 14 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ያለው ሲሆን፣ ይህም አንድ ተራ የቢራ ጣሳ ወይም አንድ መለኪያ ውስኪ ነው። የሰው አካል በአማካይ አንዱን ለማስወገድ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ቡናም፣ ቀዝቃዛ ውኃም፣ ጥሬ ሥጋም አያፋጥነውም። የእኛ ሠርግ ላይ የሚቀዳው ጠጅ ግን ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፤ ብርሌውም ሳይጎድል ይሞላል፤ ስለዚህ «ሁለት ብርሌ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚል ሰው ስንት መጠጥ እንደጠጣ በትክክል ሊያውቅ አይችልም። በቴክሳስ ደግሞ በደም ውስጥ የሚገኘው የአልኮል መጠን መስመሩ 0.08 በመቶ፣ ሲ.ዲ.ኤል. ይዞ ከባድ መኪና ለሚነዳ 0.04 በመቶ ነው። ይህንን ጉዳይ ለአስተማሪው ያንሡለት፤ ስለ ጠጅ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ ጥያቄው ግን ተገቢ ነው።

ትምህርቱን ሲጨርሱ የሰርተፊኬቱን ቅጂ ለፕሮቤሽን ኦፊሰርዎ ሰጥተው መቀበላቸውን ያረጋግጡ፤ ዋናውን ከፍርድ ቤት ውሳኔው ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡ። ዜግነት ገና ካልያዙ ማመልከቻውን በሚያስገቡበት ጊዜ ስለ ክሱ መጠየቅዎ አይቀርም፤ ያን ዕለት የሚጠየቁት እነዚህን ወረቀቶች ነው።