«ተሸጧል» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

በቀደም ደሴ ፒያሳ ቡና ይዤ ተቀምጬ ሳለ አንድ ወጣት ስልኩን አቀበለኝ። «ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ» አለ። መሐመድ አሊ ሶኒ ሊስተንን በመጀመሪያው ዙር የጣለበት ድብድብ ነው። «ይሄ የተሸጠ አይደል? ሊስተን አውቆ የወደቀ ነው አይደል?» አለኝ። ጓደኞቹ መልሴን አልጠበቁም። «የታወቀ ነው!» ብለው ዘጉት። እኔ በወጣትነቴ ቡጢ ተጫውቻለሁ፣ አሠልጥኛለሁ፣ በኋላም ዳኛ ሆኜ ነጥብ ሰጥቻለሁ። ያን ዕለት በቅጡ ስላልመለስኩላቸው ነው ይህን የምጽፈው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ነገሩ የሆነው በ1965 ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ሉዊስተን በምትባል ትንሽ ከተማ። ተመልካቹ 2,434 ሰው ብቻ ነበር። የአሊ ቀኝ እጅ አጭርና ፈጣን ስለነበረች ብዙው ሰው አላያትም። ሊስተን ወደቀ። አሊ ወደ ጥግ መሄድ ሲገባው በላዩ ቆሞ ጮኸበት። ዳኛው ጆ ዋልኮት፣ ራሱም የቀድሞ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን፣ አሊን ሲገፋ ለወደቀ ሰው እስከ አሥር የሚቆጠረው ቆጠራ አመለጠው። ሊስተን ተነሥቶ ድብድቡ ቀጠለ። ከዚያ ከሪንጉ ዳር «አልቋል! ተቆጥሮበታል!» የሚል ጩኸት መጣ፤ ዳኛው አስቆመው። ሊስተን ደግሞ ከጀርባው ወሮበሎች እንደነበሩ የታወቀ ነው። ከዓመት በፊት ከአሊ ጋር ሲገጥምም «ትከሻዬን» ብሎ ከወንበሩ ሳይነሣ ቀርቷል። ለመጠርጠር ይህ ሁሉ በቂ ነው። ለመፍረድ ግን አይበቃም። እስከ ዛሬም ያረጋገጠ የለም። እኔ ምስሉን አዘግይቼ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ቡጢዋ አግኝታዋለች ባይ ነኝ። ጭንቅላቱ ሲናወጥ፣ የፊት እግሩም ሲነሣ ይታያል። ቶሎ መነሣት ይችል ነበር ወይ? ያን ሊስተን ብቻ ነው የሚያውቀው።

የእውነት የተሸጠ ማየት ከፈለጋችሁ የአሜሪካውን ቡጢኛ ጄክ ላሞታን ልንገራችሁ። በ1947 ኒው ዮርክ ላይ ከቢሊ ፎክስ ጋር ገጠመ። በአራተኛው ዙር ዳኛው አስቆመው። ላሞታ አልወደቀም እኮ! ገመዱን ተደግፎ ዝም ብሎ ተመታ። ሕዝቡ ገብቶት ነበር፣ ማስረጃ ግን አልነበረም። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ራሱ አመነ። ለምን ሸጠ? ለገንዘብ እንዳይመስላችሁ። በክብደቱ ከነበሩት ምርጦች አንዱ ሆኖ ሳለ ለሻምፒዮናው የሚያጋጥመው አጣ። በሩን የያዙት እነ ፍራንኪ ካርቦ የሚባሉ ወሮበሎች ነበሩ፤ ሳትሸነፍልን አታልፍም አሉት። ተሸነፈላቸው። በ1949 ሻምፒዮኑን ማርሴል ሰርዳንን ገጥሞ ቀበቶውን ወሰደ። እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው፤ ልጁ እኮ ያለዚያም ያሸንፍ ነበር። ብዙ ጊዜ ድብድብ የሚሸጠው ሪንጉ ላይ አይደለም። ማን ከማን ይገጥማል የሚለውን የሚወስነው ሰው ቢሮ ውስጥ ነው የሚያልቀው። እናንተም አንድ ቀን «ለዛሬ ብቻ እሺ በል፣ ለቀጣዩ እናስብልሃለን» የሚላችሁ ቢመጣ፣ የመጣው ይሄው ነገር ነው። ስፖርት ባትሠሩም ይመጣል፤ በጨረታ፣ በቅጥር፣ በፈተና ይመጣል።

ወደ ዳኞች ልምጣ። በ1988 ኦሎምፒክ በደቡብ ኮሪያዋ ሶል ተካሄደ። አሜሪካዊው ሮይ ጆንስ ከአገሬው ልጅ ከፓርክ ሲሁን ጋር ለወርቅ ተጋጠመ። ጆንስ ያገኘው ምት 86፣ ፓርክ ያገኘው 32 ተብሎ ተቆጠረ። ሦስት ዳኞች ግን ለፓርክ ሰጡ፣ ሁለት ለጆንስ። ጉቦ ስለመሰጠቱ በ1997 የኦሎምፒክ ኮሚቴው መርምሮ ማስረጃ አላገኘም። ፓርክ ያን ወርቅ ተሸክሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረ። በመጨረሻ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ለጆንስ አስረከበው።

ጉቦ ከሌለ ታዲያ እንዴት እንዲህ ይፈረዳል ትሉኛላችሁ። እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ።

አንድ ጊዜ እዚሁ ወሎ ውስጥ ነጥብ ሰጪ ሆኜ ተቀመጥኩ። ሦስት ዙር ነው። አንዱ የአገራችን ልጅ፣ ሌላው ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ የመጣ። ማንም ሰው አላናገረኝም። አንድ ሳንቲም አልተቀበልኩም። ግን የእኛ ልጅ እጁን በሰነዘረ ቁጥር አዳራሹ ይናጋል፤ የተከላካዩን ጓንት ቢመታም ይጮኻል። እንግዳው ልጅ ንጹሕ ምት ሲያሳርፍ ደግሞ ጸጥ ይላል። ጆሮዬ ዓይኔን ቀደመው። ለእኛ ልጅ ሰጠሁ። ሰው አቀፈኝ፣ ሻይ ጋበዘኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ድብድቡን በልቤ ስመልሰው ነው የገባኝ። ወረቀቱ ግን ተፈርሞ ሄዷል።

ስለዚህ «ተሸጠ» ለማለት ሲያምራችሁ ድምፁን አጥፍታችሁ እንደገና እዩት። ዙር በዙር፣ በወረቀት ላይ እየጻፋችሁ። በተለይ ቤቲንግ ትኬት ቆርጣችሁ የተበላችሁ ቀን ፍርዳችሁን ለነገ አሳድሩት። የምትደግፉት ሲያሸንፍም እንደዚያው አድርጉ፤ እሱ ይከብዳል።

የዚያ እንግዳ ልጅ ስም ዛሬም አልጠፋኝም፤ እዚህ አልጽፈውም። ከሽንፈቱ በኋላ መጥቶ እንደ ደንቡ እጄን ጨብጦኝ ነበር፣ አንድ ቃል ሳይናገር። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ምናልባት ይህን ያነበው ይሆናል። ወንድሜ፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ዙር ያንተ ነበር።