ቡችላ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ጥያቄና መልስ

ሜሪላንድ ውስጥ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ውሻና ድመት ስለመግዛት ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጆች ነው።

በኢንተርኔት ለልጆቼ ቡችላ አገኘሁ። ሻጩ ነዳጅ ማደያ ጋ ላምጣልሽ አለኝ። ችግር አለው?

አለው እህቴ። «እናትየዋን ላያት እፈልጋለሁ» በዪው። ሰበብ ከደረደረ ተዪው። የብዙዎቹ ቡችሎች እናት ያለችው በጅምላ ማራቢያ፣ የሽቦ ኬጅ ውስጥ ነው። ወልዳ ሳታገግም እንደገና እንድታረግዝ ይደረጋል። ሉሲ የምትባል ውሻ በ2013 ዌልስ ካለ ማራቢያ ስትወጣ ጀርባዋ ጎብጦ ነበር። በስሟ የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ነጋዴ ከ6 ወር በታች የሆነ ቡችላ ወይም ድመት ከአርቢ ገዝቶ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ገዢው ቡችላውን የሚያየው ከእናቱ ጋር፣ በተወለደበት ቦታ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ እናትየዋን ሳታዩ ብር አትክፈሉ።

አርቢው የፌዴራል ፈቃድ ካለውስ?

ፈቃድ ስላለው ብቻ አትመኑት። ፈቃዱ የሚሰጥበት የ1966ቱ የአሜሪካ የእንስሳት ደህንነት ሕግ የሚጠይቀው በጣም ትንሽ ነው። የኬጁ ጎን ከውሻዋ አፍንጫ እስከ ጭራዋ መነሻ ካለው ርዝመት በ6 ኢንች ከበለጠ ይበቃል። በዕድሜዋ ስንት ጊዜ ትውለድ የሚል ገደብም የለውም።

እዚሁ ጎረቤታችን ቨርጂኒያ፣ ከምበርላንድ፣ ለላቦራቶሪ የሚሸጡ ቢግል የሚባሉ ውሾች የሚራቡበት ድርጅት ፈቃድ ነበረው። ተቆጣጣሪዎች የሚያጠቡ እናቶች ምግብ ተከልክለው አግኝተዋል። በ2022 ወደ 4,000 የሚጠጉ ውሾች ከዚያ ወጡ። ይህን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሜሪላንድ ውስጥ ሱቆች ቡችላ የማይሸጡት ለዚህ ነው?

አዎ፣ ከ2020 ጀምሮ ተከልክሏል። ኒውዮርክም በዲሴምበር 2024 ተከትላለች። ነጋዴው ግን ወደ ኢንተርኔት ዞሯል።

ጆሮዋ የታጠፈ ስኮቲሽ ፎልድ ድመት አማረችኝ።

እባክሽ ይቅርብሽ። ጆሮዋን ያጠፈው ጂን የመላ ሰውነቷን ለስላሳ አጥንት ያበላሻል፤ መገጣጠሚያዋን ያማታል። «ጨዋ ናት፣ አትዘልም» ሲሏችሁ ብዙ ጊዜ መዝለል ስለሚያማት ነው።

ቡችላዋ አሳዘነችኝ፤ ላድናት ብዬ ብገዛትስ?

አንጀትሽ መንሰፍሰፉ ይገባኛል። ግን ብሩ ማራቢያው ጋ ይደርሳል፤ እናትየዋም እዚያው ትቀራለች። ማስታወቂያውንና የሻጩን ስልክ ይዘሽ ለካውንቲሽ የእንስሳት ቁጥጥር አመልክቺ።

ታዲያ ደህና አርቢ በምን ይታወቃል?

ቤቱ ያስገባሻል። 8 ሳምንት ያልሞላው ቡችላ አይሰጥሽም። የእናትና የአባቱን የጤና ምርመራ ያሳይሻል። አንቺንም ይጠይቅሻል፤ ቀን ማን ቤት ይውላል፣ ግቢ አለሽ ወይ እያለ። ማሳደግ ቢያቅትሽ መልሶ ለመቀበልም ይፈርማል። ከሱ በፊት ግን መጠለያ ሂዱ። ዘሩ የታወቀ ውሻም እዚያ ይገኛል።