«ሶሪ» ስንል ምን እያልን ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። አገር ቤት አባቴ አርፈው መርዶ ተነገረኝ። ለቅሶ ተቀምጬ ወደ ሥራ ስመለስ አለቃዬ እጄን ይዛ ‹አይ አም ሶሪ› አለችኝ። ‹አንቺ ምን አጠፋሽ?› ልላት ምንም አልቀረኝ። ሶሪ ማለት ይቅርታ አይደለም እንዴ? ይባስ ብሎ እዚህ የተወለደችው ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ይዣት ብሄድ፣ ልጃቸው የሞተባቸውን እናት ‹ይቅርታ› አለቻቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ምን ብዬ ላስተምራት?»

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ለአባትዎ ነፍስ ይማር። እርስዎንም እግዚአብሔር ያጽናዎት።

አለቃዎ ይቅርታ አልጠየቀችዎትም። «የደረሰብሽ ነገር እኔንም አሳዘነኝ» ነው ያለችዎት። ልጅዎም ያለችው ያንኑ ነው፤ ግን የተሳሳተውን የአማርኛ ቃል አንስታለች። የሁለቱም ነገር የሚፈታው «ሶሪ» ከየት እንደመጣ ስናይ ነው።

በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሳር» ማለት ቁስል፣ ሕመም ነበር። ከእሱ «ሳሪግ» የሚል ቅጽል ወጣ። ልቡ የቆሰለ፣ ሐዘን የገባው ማለት ነው። ድምፁ በየዘመኑ እየተለወጠ ዛሬ «ሶሪ» የምንለው ሆነ። ጉሮሮ ሲከረክር «ሶር ትሮት» የሚባለው «ሶር» የቅርብ ዘመዱ ነው። ጀርመኖች «በጣም» ለማለት የሚጠቀሙበት «ዜር» እንኳ ከዚሁ ግንድ የወጣ ነው፤ መነሻው «እስኪያም ድረስ» እንደማለት ነበር። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኛም «ክፉኛ ወደዳት» እንላለን።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። «ሶሪ» እና ሐዘን የሚለው «ሶሮው» አንድ ሥር ያላቸው ይመስላል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎችም ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሚያስቡት። ግን አይደሉም። «ሶሮው» የመጣው ጭንቀትና ሐሳብ ከሚለው «ሶርግ» ነው። ሁለቱ ቃላት በድምፅም በትርጉምም ስለተቀራረቡ አንዱ ሌላውን እየሳበ ኖሯል።

እንግዲህ «ሶሪ» የሚናገረው ስለ ተናጋሪው ነው። «እኔ እንዲህ ነው የሚሰማኝ» ይላል፤ ከሰሚው የሚጠይቀው ነገር የለም። ጥፋት የሠራ ሰው «በሠራሁት አዝኛለሁ» ሲል ሰሚው እንደ ይቅርታ ቆጠረለት። በዚህ መንገድ ቃሉ ሁለተኛ ሥራ ያዘ። ዛሬ መንገድ ላይ ሰው ስንገፋ እንደምንለው ብቻውን ቆሞ «ሶሪ!» መባል የጀመረው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

አሁን ወደ ይቅርታ እንምጣ። ቃሉ የተሠራው ከ«ቀረ» ነው። «ለነገ ይቅር»፣ «ይቅርብኝ» ስንል የምንሰማው «ይቅር» ራሱ ነው። መጨረሻው ላይ «ታ» ተጨምሮበት ስም ሆነ። ስለዚህ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው «በደሌ ይቅር፣ አትያዥብኝ» እያለ ነው። ሽማግሌዎች የተጣላ ሰው ሲያስታርቁ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እያሉ የሚያባብሉትም ለዚሁ ነው። እንዲቀር የሚፈለግ በደል አለ፤ የሚተወውም ተበዳዩ ነው። ሶሪ ከተናጋሪው ልብ አይወጣም፤ ይቅርታ ግን ከሰሚው እጅ አንድ ነገር ይፈልጋል። ለዚህ ነው ሐዘንተኛን እናት «ይቅርታ» ማለት ጆሮ የሚከረክረው። ምን በደል አለና ይቅር ይበሉ?

የሶሪ ሁለት ሥራ መያዝ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹን ራሳቸውንም ያወዛግባል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2001 የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላንና የቻይና ተዋጊ ጄት ደቡብ ቻይና ባሕር ላይ ተጋጩ። ቻይናዊው አብራሪ ሞተ። የአሜሪካው አውሮፕላን ሀይናን ደሴት ላይ ሳይፈቀድለት አረፈ፤ 24 ሠራተኞቹም ተያዙ። ቻይና ይቅርታ ካልጠየቃችሁ አለች። አሜሪካ ጥፋተኛ አይደለሁምና አልጠይቅም አለች። ከ11 ቀን በኋላ መውጫ መንገድ የሆነው ይኼው ቃል ነበር። የአሜሪካ አምባሳደር በጻፉት ደብዳቤ «ቬሪ ሶሪ» የሚለው ሁለት ጊዜ ገባ፤ አንዴ ለሟቹ አብራሪ ቤተሰብ፣ አንዴ ሳይፈቀድ ስለማረፉ። ቻይና ለሕዝቧ «ይቅርታ ጠየቁን» አለች። አሜሪካ ለሕዝቧ «ሐዘናችንን ገለጽን» አለች። ሠራተኞቹ ተለቀቁ። ደብዳቤው በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ጸሐፊው ወይ «ይቅርታ» ወይ «አዝነናል» ብሎ መምረጥ ነበረበት።

ሕግም ገብቶበታል። ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1986፣ አደጋ ለደረሰበት ሰው ሐዘኔታን መግለጽ ፍርድ ቤት እንደ ጥፋት ማመን እንዳይቆጠር ደነገገች። የካናዳዋ ኦንታሪዮም በ2009 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ከዚያ በፊት «ሶሪ ካልኩ ይከሱኛል» ብሎ አፉን የሚይዝ ሐኪምና ሾፌር ጥቂት አልነበረም።

በእኛም ቋንቋ ሐዘኔታን የሚገልጽ ቃል ሞልቷል። እኔ ከሁሉ የምወደው «እኔን!» የሚለውን ነው። ልጅ ተደናቅፎ ሲወድቅ እናት «እኔን ልጄን!» ትላለች። እኔን ይድፋኝ፣ ሕመሙ ለእኔ ይሁን ማለቷ ነው። እሷ አልጣለችውም፤ ግን ሕመሙን ልትወስድለት ትፈልጋለች። «ሳሪግ» የሚለው ጥንታዊ ቃል ወደ እኛ ቋንቋ ቢመጣ ቤቱ እዚህ ነበር። ኬንያ ወይም ናይጄሪያ የሄደ ሰው አስተውሎ ይሆናል፤ እንቅፋት ሲመታዎት አጠገብዎ ያለው ሰው ወዲያው «ሶሪ!» ይላል። ያልገፋዎት ሰው ነው ይህን የሚለው። በስዋሂሊ «ፖሌ» የሚሉት፣ በእኛ «እኔን» ወይም «አይዞሽ» የሚሆነው ነው።

የአዲስ አበባው ሶሪ ግን ሌላ ነው። እኛ የወሰድነው ሁለተኛውን ሥራ ብቻ ነው፤ እሱንም አቅልለን። ታክሲ ውስጥ እግር ሲረግጡ፣ ቀጠሮ ሲያረፍዱ፣ ስልክ ሳያነሱ ሲቀሩ «ሶሪ በናትህ» ይባላል። ለዚህ ለዚህ ክፋት የለውም። ለከባድ በደል ሲሆን ግን አይበቃም፤ ይህን የምለው ባዕድ ቃል ጠልቼ አይደለም። «ይቅርታ» ሰውን እያየ ይዘረዘራል፦ ይቅር በይኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንቺና አንቱ ይለያሉ። «ሶሪ» ለእኩያም ለአያትም አንድ ነው፤ አክብሮት የሚያስገቡበት ቀዳዳ የለውም። የተጎዳ ሰው «ሶሪ ብያለሁ እኮ» ሲባል ይበልጥ የሚቆጣው ያለ ምክንያት አይደለም። «በደሌን ተውልኝ» አልተባለማ።

«አዝናለሁ» የሚለውስ? ፈረንጅ ፊልም ሲተረጎም «አይ አም ሶሪ» በመጣ ቁጥር እሱን ይደነቅሩታል። «አዝናለሁ፣ ዶክተሩ የሉም» የሚል እንግዳ ተቀባይ በአማርኛ አልሰማሁም፤ «ይቅርታ፣ ዶክተሩ የሉም» ነው የሚባለው። ያልሰሙትን ለማስደገምም «ሶሪ?» አያስፈልግም፤ «አቤት?» የሚል ጥሩ ቃል አለን። ለሐዘን ቢሆንም «አዝናለሁ» ስሕተት ባይሆንም ይቀዘቅዛል፤ መሥሪያ ቤት የሚጽፈው የሐዘን መግለጫ ይመስላል። እኛ ለቅሶ ቤት ስለራሳችን ስሜት ብዙ አናወራም፤ ለሟችና ለቀሪው እንመርቃለን።

ስለዚህ ለልጅዎ ለሟች «ነፍስ ይማር»፣ ለቀሪ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚለውን ያስተምሯት። መዘርዘሩን አብራችሁ ተለማመዱት፦ ለወንድ ያጽናህ፣ ለብዙ ሰው ያጽናችሁ፣ ለትልቅ ሰው ያጽናዎት። ሙስሊም ጎረቤት ዘንድ ከሄዳችሁ «አላህ ይዘንላቸው፣ ሶብሩን ይስጣችሁ» ትበል። ቃሉ ከጠፋባት ደግሞ ዝም ብላ ሐዘንተኛዋን ትሳም፤ ያም ይበቃል። ለአለቃዎም «ታንክ ዩ» ብለው ከሆነ ትክክለኛውን መልስ ሰጥተዋል። እንግሊዝኛው የሚጠብቀው ያንን ነው።