ሰሙ ሳይነሣ ቫርኒሽ አይያዝም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጉለሌ ያለው የአያቴ ቤት ወለሉ ጣውላ ነው። አያቴ በየዓመት በዓሉ ሰም ትቀባው ነበር። አሁን ጠቁሯል፣ እግርም ይይዛል። አንድ ሠራተኛ «ዝም ብለሽ ቫርኒሽ አስቀቢው» አለኝ። ረከቦት በሚቀመጥበት ጥግ ደግሞ ፍም የጣለው ጠባሳ አለ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ እባክሽ አታስቀቢው። እኔም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሰም ላይ ቫርኒሽ ቀብቻለሁ። ወር ሳይሞላው የወንበር እግር የነካው ሁሉ እየተላጠ ተነሣ። የሴትዮዋን ገንዘብ መልሼ ወለሉን እንደ አዲስ ሠራሁላቸው። ቫርኒሽ የሚይዘው እንጨቱን ሲያገኝ ነው።

መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ በአኳራጅ፣ ማለት በቀለም ማቅጠኛው፣ ነክረሽ ጥግ ላይ እሺ። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ሰም ነው። በአልኮል ስትነኪው ከተጣበቀ የድሮ ጎማላካ ነው፤ በአልኮል የሚሟሟ የእንጨት ማስዋቢያ ቅብ ማለት ነው። ሁለቱም ካልነኩት ቫርኒሽ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በብርጭቆ ወረቀት ይነሣል።

ሰሙን ግን በወረቀት ልፋቅ አትበይ። ሲሞቅ ይቀልጥና ወረቀቱን ይደፍነዋል። አኳራጅ ቀብተሽ ጥቂት ጠብቂ፤ ከዚያ እንደ ሱፍ በሆነ ቀጭን የመፈግፈጊያ ሽቦ የእንጨቱን መስመር ተከትለሽ እሺው። የለቀቀውን ጭቃ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አንሺ፤ ከዘገየሽ እንጨቱ መልሶ ይጠጣዋል። ጨርቁ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ድገሚ። የስንት ዓመት ሰም በአንድ ቀን አይለቅም፤ ክፍሉን ከፋፍለሽ ሥሪ። መስኮቱ ይከፈት፤ ከሰልም ሻማም አይለኮስ። ጨርቆቹን አትከምሪያቸው፣ ውጭ ዘርግተሽ አድርቂያቸው።

አኳራጁ በደንብ ከደረቀ በኋላ ጎልተው የወጡ ምስማሮችን ወደ ውስጥ አስጥሚ፤ አለዚያ የመላጊያ ማሽኑን ወረቀት ይቀዱታል። ከዚያ በ60 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ80፣ በመጨረሻ በ120 ይላግ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል። ቁጥር አይዘለልም፤ 60 የጫረውን 120 ብቻውን አያጠፋውም፣ ቫርኒሹ ሲያርፍበትም ጭረቱ ጎልቶ ይወጣል። አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ።

ለጠባሳው ስለታም ቢላ አጋድመሽ ያዢና የከሰለውን በቀስታ ፋቂ። ጥቁር ዱቄት እየሆነ ይነሣል። ቡናማ እንጨት ሲታይሽ አቁሚ። ከዚያ ከወረድሽ ይጎደጉዳል፤ የጠዋት ፀሐይ በመስኮት ሲገባ ከጠባሳው ይልቅ ጉድጓዱ ይታያል። ጥላው ቢቀር ይቅር። እኔ ብሆን እተወዋለሁ፤ አያትሽ ቡና ያፈሉበት ቦታ ነው።

ቫርኒሹ ሦስት ጊዜ ይቀባ። የዘይት ቫርኒሽ ከሆነ የመጀመሪያውን አንድ አሥረኛ አኳራጅ ጨምረሽ አቅጥኚው፤ በየመሃሉ በ220 ቁጥር ቀለል አድርገሽ እሺና አቧራውን ጥረጊ። ክረምት ላይ ግን አትጀምሪው፤ በእርጥብ አየር ቫርኒሹ ቶሎ አይደርቅም፣ ጣውላውም አብጦ ይቆያል። ጥቅምትን ጠብቂ።